«ተመዝግቧል» ማለት ምን ማለት ነው? የትራንዛክሽን አጭር ታሪክ

የደም ባንኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው አንድ ዩኒት ኦ ኔጋቲቭ ደም ብቻ ነው እንበል። የማዋለጃ ክፍሏ ተረኛ ኮምፒውተሩን ስታይ «ቀሪ 1» ይላል። በዚያችው ሰከንድ የድንገተኛ ክፍሉ ተረኛም ያንኑ ያያል። ሁለቱም ይጠይቃሉ፤ ለሁለቱም «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ይመጣል። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ ደሙ ግን አሁንም አንድ ነው።

ይህን ችግር የፈቱት ሰዎች ታሪክ ብዙም አይተረክም። በዚህ መጽሔት ላይ ሐኪም ስለ ዳታቤዝ ስትጽፍ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ወዳጆቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ነገር ግን የካርድ ክፍሎቻችን መደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ባለበት ጊዜ «ተመዝግቧል» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትታመን ማወቅ የእኛም ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወንበርና ካርድ

ችግሩ ቀድሞ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የአውሮፕላን ወንበር ሽያጭ ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኞች የየበረራውን ካርድ በሚሽከረከር መደርደሪያ ላይ አድርገው፣ ዙሪያውን ተቀምጠው በእጅ ይመዘግቡ ነበር። ተሳፋሪው ሲበዛ አንዱን ወንበር ሁለቴ የመሸጥ አደጋም አብሮ አደገ። አየር መንገዱ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ያሠራው ሴበር የተባለው ሥርዓት በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል፣ በየከተማው ያሉ ሻጮች ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ከተተከሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጋር በስልክ መስመር ተገናኙ።

ሕክምናውም ከዚህ ሩቅ አልነበረም። በ1966 እና በ1967 ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በዶክተር ኦክቶ ባርኔት ቤተ ሙከራ፣ ኒል ፓፓላርዶና ባልደረቦቹ ማምፕስ የተባለውን ቋንቋና ዳታቤዝ ሠሩ። ቋንቋው በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሲወጣለት «ቆልፍ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ቁልፉ ግን እንደ በር ቁልፍ አይደለም፤ በር ላይ እንደተሰቀለ «ሰው አለ» የሚል ምልክት ነው። ምልክቱን ሳያይ የሚገባን ፕሮግራም የሚከለክለው የለም። ነገሩ በፕሮግራመሩ ጨዋነት ላይ የቆመ ነበር።

ቁልፉ መቼ ይለቀቃል?

ጨዋነቱን ወደ ሕግ ከለወጡት መካከል ዋነኞቹ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከተማ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል የነበሩ ሰዎች ናቸው። እዚያው ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀትን ሐሳብ በ1970 አሳትሞ ነበር። ሐሳቡን በተግባር ለመፈተን በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲስተም አር የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። በ1976 ኤስዋራን፣ ግሬይ፣ ሎሪና ትሬይገር ባሳተሙት ጽሑፍ ቀላል የሚመስል ደንብ አስቀመጡ፦ አንድ ሥራ የሚያስፈልጉትን ቁልፎች እየሰበሰበ መሄድ ይችላል፤ አንዱን ከለቀቀ በኋላ ግን ሌላ አዲስ ቁልፍ መውሰድ አይችልም። ሁሉም ይህን ካከበረ፣ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ቢሄዱም ውጤቱ ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ እንደተሠሩ ይሆናል። የደም ዩኒቷም ለአንዱ ተረኛ ብቻ ትመዘገባለች፤ ሌላው «ቀሪ 0» የሚለውን አይቶ ጊዜ ሳያልፍበት ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል።

ደንቡ ዋጋም አለው። አንዷ ደሙን ቆልፋ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ብትጠብቅ፣ ሌላው ክፍሉን ቆልፎ ደሙን ቢጠብቅ፣ ሁለቱም እንደተፋጠጡ ይቀራሉ። ጠባብ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት መኪኖች በሏቸው። ዳታቤዙ ይህን ሲያይ አንዱን መርጦ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ የጀመረው ሁሉ እንዳልተጀመረ ይሆንና እንደገና ይሞክራል።

የቁልፉ ስፋትም ጥያቄ ነው። አንድ አልጋ ለመያዝ ዋርዱን በሙሉ መዝጋት ሥራ ያስቆማል። አልጋ በአልጋ መቆለፍ ደግሞ ዋርዱን በሙሉ ለሚፈልግ ሰው ማለቂያ የለውም። ግሬይና ባልደረቦቹ ያገኙት መላ፣ አልጋ የሚቆልፍ ሰው አስቀድሞ ዋርዱ በር ላይ «ውስጥ የያዝኩት አለ» የሚል ምልክት እንዲያኖር ማድረግ ነው። ዋርዱን በሙሉ የሚፈልገው ሰው በሩን ብቻ አይቶ ያውቃል፤ አልጋ መቁጠር አይጠበቅበትም።

ገጹና መዝገቡ

ዳታቤዝ መረጃን የሚያነበውና የሚጽፈው በገጽ በገጽ ነው፤ ዛሬ በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ገጽ 8 ወይም 16 ኪሎባይት ይይዛል። ገጹ ከዲስክ ወደ ሚሞሪ ይመጣል፣ እዚያ ይለወጣል፣ ሲመች ወደ ዲስክ ይመለሳል። ሚሞሪ ፈጣን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በእያንዳንዱ ለውጥ ገጹን በሙሉ ወደ ዲስክ መጻፍ ግን ሥራውን ያንቀራፍፈዋል። ታዲያ መላው ምን ሆነ? ከገጹ በፊት ለውጡን በመዝገብ ላይ መጻፍ። «ይህ ገጽ፣ ይህ ቦታ፣ ከ1 ወደ 0» የሚል አጭር መስመር ዲስክ ላይ ካረፈ በኋላ ነው «ተመዝግቧል» የሚባለው። ገጹ ራሱ ቆይቶ ይከተላል። ሚሞሪው ጠቦ ያልተጠናቀቀ ሥራ የነካው ገጽ ወደ ዲስክ መሄድ ካለበትም፣ የመዝገቡ መስመር ይቀድመዋል።

በ1992 ሲ. ሞሃንና የአይቢኤም ባልደረቦቹ ኤሪስ በሚል ስም ባሳተሙት ዘዴ ይህ ሥርዓት የተሟላ መልክ ያዘ። ኮምፒውተሩ ወድቆ ሲነሣ ሦስት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ መዝገቡን አንብቦ የት ላይ እንደቆመ ያጣራል። ቀጥሎ ዲስክ ላይ ያልደረሰውን ሁሉ፣ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ጭምር፣ ደግሞ ይሠራል። በመጨረሻ ያልተጠናቀቁትን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሐኪምን ቆም የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፦ ወደ ኋላ መመለሱም ራሱ በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ምንም አይፋቅም። የታካሚ ካርድ ላይ የተማርነው ይኸው አይደል? የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር እናሰምራለን፣ ትክክለኛውን ከጎኑ እንጽፋለን፣ ቀንና ፊርማ እናኖራለን።

ጂም ግሬይ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ የትራንዛክሽን ሐሳብ መነሻው የውል ሕግ መሆኑን አስረድቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመኖቹ ሄርደርና ሮይተር የትራንዛክሽንን አራት ባሕርያት በአንድ ስም ሰበሰቧቸው፤ የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላቸው ሲገጣጠም «አሲድ» ይላል። በአማርኛ ብናስቀምጠው፦ ሥራው ሙሉ ይሁን ወይም ጨርሶ አይሁን፤ ደንብ አይጣስ፤ የሌላው ግማሽ ሥራ አይታይ፤ ያለቀ አይጥፋ።

ብዙ ሰርቨር፣ አንድ ቃል

አንድ ሥራ በተለያየ ከተማ ያሉ ሰርቨሮችን ሲነካ ነገሩ ይከብዳል። ግሬይ በ1978 ባሳተመው ማስታወሻ ያብራራው ዘዴ በክብር መዝገብ ሹም ፊት እንደሚፈጸም ጋብቻ ነው። አስተባባሪው መጀመሪያ ሁሉንም «ፈቃደኛ ናችሁ?» ይላል። ሁሉም በየመዝገባቸው ጽፈው «አዎ» ካሉ «ተፈጽሟል» ይላል፤ አንዱ እንቢ ካለ ሁሉም ይቀራል። ግን ሁለቱ ተጋቢዎች እሺ ካሉ በኋላ፣ ሹሙ ቃሉን ሳያወጣ ራሱን ስቶ ቢወድቅስ? ተጋብተዋል እንዳይባል ቃሉ አልወጣም፤ አልተጋቡም ብለው እንዳይሄዱ ቃል ሰጥተዋል። ሰርቨሮቹም እንዲሁ ቁልፋቸውን እንደያዙ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ይጠብቃል። ሌስሊ ላምፖርት በ1998 ያሳተመው ዘዴ ውሳኔን በአንድ ማሽን ላይ ከመጣል ይልቅ ለአብላጫ ድምፅ ሰጠው። በ2006 ደግሞ እሱና ግሬይ አብረው ዘዴውን ለዚሁ ችግር አዋሉት።

ገጹስ? ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዲስክ ሲጋሩ፣ አንዱ ሚሞሪው ውስጥ የለወጠውን ገጽ ሌላው ሲፈልገው ምን ይደረጋል? በቀድሞው ኦራክል ፓራለል ሰርቨር የመጀመሪያው ገጹን ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ከዲስክ ያነባል። ካርዱ ከቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ወደ ካርድ ክፍል ተመልሶ፣ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውስጥ ደዌ ክሊኒክ እንደሚሄደው ማለት ነው። በ2001 በወጣው ኦራክል 9አይ፣ ካሽ ፊውዥን በተባለው ዘዴ፣ የተለወጠው ገጽ በኔትወርክ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ በቀጥታ መሻገር ጀመረ። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ አሁን ማን ጋ እንዳለ ግን የጋራ መዝገብ ይከታተላል። የተለወጠው ገጽ ከመሻገሩ በፊትም የለውጡ መስመር ዲስክ ላይ ማረፍ አለበት። የቀደመው ደንብ አልተሻረም።

ከዚያ ወዲህ ተቃራኒ መንገድ የሄዱም አሉ። አማዞን በ2007 ይፋ ያደረገው ዳይናሞ፣ ከማቆም ይልቅ ለጊዜው የተለያዩ ቅጂዎችን ተቀብሎ በኋላ ማስታረቅን መረጠ። ጉግል በ2012 ያሳተመው ስፓነር ደግሞ በአቶሚክ ሰዓትና በጂፒኤስ እየታገዘ ወደ ጥብቁ ትራንዛክሽን ተመለሰ። ግሬይ ይህንን አላየም። በ1998 የቱሪንግ ሽልማት የተሰጠው ይህ ሰው፣ በጥር 2007 የእናቱን አስከሬን አመድ ባሕር ላይ ሊበትን ብቻውን በጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ብዙ ቢፈለግም አልተገኘም።

የእኛ ድርሻ

ከዚህ ታሪክ ለሆስፒታል ኮሚቴዎቻችን ሦስት ጥያቄ ይተርፋል። «ተመዝግቧል» ከተባለ በኋላ መብራት ቢጠፋ የጻፍኩት ይገኛል? ሁለት ሰው አንድ ካርድ ቢከፍት ማን ይጠብቃል? በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለው መስመር ሲቋረጥ ማን ይወስናል? ሻጩ ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው የስክሪኑ ማማር አያጽናናም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም። መስመር ሲቋረጥ የደም ዩኒትና የቀዶ ሕክምና ክፍል ምዝገባ መቆም አለበት፤ ሁለቴ ከመስጠት ስልክ መደወል ይሻላል። የአለርጂ ማስታወሻ ግን መጠበቅ የለበትም፤ ሁለት ሐኪሞች በሁለት ቦታ የተለያየ ቢጽፉ ሁለቱንም ይዞ ቆይቶ ማስታረቅ ይቻላል፣ አለመጻፉ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። የቱ እንደሚቆለፍ፣ የቱ እንደማይቆለፍ የሚያውቀው አልጋው አጠገብ የሚሠራው ሰው ነው። ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ከመሐንዲሶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን ዝርዝር ማውጣት የእኛ የሐኪሞችና የነርሶች ሥራ ነው።