ከ«ቤተ» ቀጥሎ ምን ይመጣል?

ከስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፤ ዋድላ የወሎ ነው። ጎንጅ ቴዎድሮስ ዛሬ በጎንጅ ቆለላ ወረዳ ይገኛል። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ደበሎ ለብሶ፣ ኮፋዳ ይዞ ከደጅ የሚቆመው የቆሎ ተማሪ ትውልድ በትውልድ የዚህ ትምህርት ልጅ ነው። ስለ ቅኔ ሲጻፍ ሰምና ወርቁ ይወደሳል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየሰሙ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ዘርፉንና ማሰሪያውን መለየት።

ተማሪው ግስና እርባ ቅምር ያጠናል፣ አገባብ ይማራል፣ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል። ነገሩ ሁሉ በቃል ስለሆነ ሰሚው ተመልሶ የሚያየው ብራና የለም። ቃሉ እንደመጣ ሙያውን ይወስናል፤ ካልሆነም ቀጣዩን እስኪሰማ ያቆየዋል።

ግእዝ «ቤት»ን በሁለት ምክንያት «ቤተ» ይለዋል፤ ተሳቢ ሲሆንና ዘርፍ ሲይዝ። «ሐነጸ ሰሎሞን ቤተ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ነገሩ እዚህ ካበቃ ሰሎሞን ቤት ሠራ ይላል። «እግዚአብሔር» የሚል ከተከተለ ግን የእግዚአብሔርን ቤት ሠራ ማለት ነው። ልዩነቱን የሚነግረው ገና ያልተሰማው አንድ ቃል ነው።

ኮምፒውተርም ፕሮግራም ሲያነብ ይኸው ይገጥመዋል። እስካሁን ያነበበውን እንደ አንድ ሐረግ ይዝጋው ወይስ ይቀጥል? በ1965 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ክኑት ከፊት ያሉ ጥቂት ቃላትን አሻግሮ እያየ የሚወስን የንባብ ሥርዓት አሳተመ። ሥርዓቱ ትክክል ነበር፤ የሚጠይቀው ሰንጠረዥ ግን ለዘመኑ ኮምፒውተሮች ከብዶ ተገኘ። ፍራንክ ዴረመር በ1969 በኤምአይቲ የዶክትሬት ጽሑፉ የሚመሳሰሉትን ረድፎች አዋሕዶ አሳነሰው። በ1970ዎቹ ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላብራቶሪዎች የሠራው «ያክ» የሰዋስው ሕግ ሲሰጡት የንባብ ፕሮግራሙን ራሱ የሚያወጣ መሣሪያ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሐረጉን ለመዝጋት የሚፈቅዱት ቀጣይ ቃላት የትኞቹ ናቸው የሚለው ነው። ቀላሉ ዘዴ በመላው ቋንቋ ከእንዲህ ዐይነት ሐረግ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ መሰብሰብ ነው፤ ይህ ግን ከልክ በላይ ያበዛል። በግእዝ ከተሳቢ በኋላ ባለቤት ሊመጣ ይችላል፤ «ሐነጸ ሰሎሞን ቤተ» ላይ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሯል። ስለዚህ የመጡበት መንገድ መታወቅ አለበት። ዴረመርና ቶማስ ፔኔሎ በ1982 ያሳተሙት ዘዴ ይህንኑ ያሰላል። እያንዳንዱ የንባብ ቦታ ቀጣይ ቃላቱን ከየትኛው እንደሚወርስ በመስመር ያያይዛል፤ መስመሮቹን አንድ ጊዜ ተከትሎ ቃላቱን ይሰበስባል፤ ክብ ሠርተው እርስ በርስ ለሚወራረሱ ቦታዎችም አንድ የጋራ ስብስብ ይሰጣቸዋል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት «ባይሰን» የተባለው የያክ ዐይነት መሣሪያ የሚከተለው ይህን ዘዴ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ ትምህርት ሲሰጥ የግእዙ ምሳሌ ሰሌዳው ላይ ቢጻፍ እወዳለሁ። የጎጃም ተማሪ ባለቤትና ዘርፍ ሲለይ ያደገበት እውቀት በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ምሳሌው የዘዴውን ወሰንም ያሳያል። «ሐነጸ ቤተ ንጉሥ» ቢባል ባለቤቱ ገና አልተነገረም፤ የንጉሡን ቤት ሠራ ወይም ንጉሡ ቤት ሠራ ይሆናል። «ሰሎሞን» ቢጨመርበትም አይፈታም፤ ሰሎሞን የንጉሥ ቤት ሠራ፣ ደግሞም ንጉሥ ሰሎሞን ቤት ሠራ። ያክ እንዲህ ያለ ሰዋስው ሲሰጠው ግጭት መኖሩን ያስታውቃል፤ ሌላ ትእዛዝ ካላገኘም ሐረጉን ከመዝጋት ይልቅ መቀጠልን ይመርጣል። «ንጉሥ»ን ዘርፍ አድርጎ ይወስደዋል፤ ቤት የሠራው ንጉሥም ከንባቡ ይጠፋል።