የውሃ ውስጥ ትሬድሚል (ለውሾች)

መገጣጠሚያው የታመመ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ውሻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራመድበት፣ ወለሉ እንደ ቀበቶ የሚንቀሳቀስ ባለመስታወት ሣጥን። ውሻው ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውሃው ከታች ቀስ እያለ ይሞላል። ዋናው ጉዳይ የውሃው ከፍታ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ እግሮቹ የሰውነቱን ክብደት 91 በመቶ ያህል ይሸከማሉ፣ ጉልበት ላይ 85፣ ዳሌ ላይ ግን 38 ብቻ። የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት በሚያጠቃቸው እንደ ጀርመን ሼፐርድና ላብራዶር ባሉ ዝርያዎች፣ መገጣጠሚያው ብዙ ጫና ሳይደርስበት ጡንቻው እንዲጠነክር የሚፈለገው በዚህ መንገድ ነው። ባለሙያው የኋላ እግሩን አረማመድ በመስታወቱ በኩል ይከታተላል፤ ውሻው እግሩን መጎተት ከጀመረ ማሽኑን ያቆማል። ቁስሉ ያልሻረ ውሻ አይገባም። ከመጠን በላይ የወፈረ ውሻ ምግቡ ካልተመጠነ ግን ማሽኑ ብዙም አይፈይድለትም። በሕክምና ላይ ላለ ውሻ ቤት ውስጥም የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፤ ደረጃ መውጣትና ሶፋ ላይ መዝለልም ይከለከላል።