የመስከረም ሥዕልና የሰኔ ቴአትር

ስለ ተማሪዎች የጸደይ ሥራ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፥ አስቀድሞ ጸደይ ማለት የትኛው ወራት እንደ ሆነ መወሰን ይገባዋል። በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ይኸውም ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። ነገር ግን በዘመናዊ ትምህርት ቤት የውጭ አገር ቋንቋ የተማረው ትውልድ የፈረንጆች የአበባ ወራት በጸደይ ተተርጕሞ ስለ ጠበቀው፥ የእኛም ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ በሚለብስበት በመስከረምና በጥቅምት «ጸደይ ገባ» ማለትን ለመደ። ሊቃውንቱ ይህ ስሕተት ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የኦሮሞ አነጋገር በዚህ ነገር አልተቸገረም፤ ከክረምት በኋላ የሚመጣውን የብርሃን ወራት ብራ፥ ከበጋ በኋላ ዝናም የሚጀምርበትን ደግሞ አርፋሳ ብሎ ለየብቻው ሰይሞታል። ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» የምንል የአማርኛ ተናጋሪዎችም ቃሉን ከዚህ ሳንርቅ እንጠቀምበታለን።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ስሙ መደባለቁ ይጠቅማል፤ ተማሪው በርግጥ በዓመት ውስጥ ሁለት ጸደይ አለውና። በመስከረሙ ጸደይ ልጁ ማንም ሳያዝዘው ይሥላል፥ ይዘፍናል፥ ግጥም ያወጣል። በሰኔው ጸደይ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች በዓል ያሰልፈዋል፤ የተሰጠውን መዝሙር ያዜማል፥ የተጻፈለትን ቴአትር ይጫወታል። ስለ ትምህርታችን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው የቤት ጨዋታ ተብሎ ቀርቷል።

ይህን ለመመልከት አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሰበታን፥ ቡራዩንና ሱሉልታን መምረጥ የተገባ ነው። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በገፈርሳ የውሃ ግድብ አጠገብ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በሰፊው ሜዳ ላይ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ በሚል ስም አንድ አስተዳደር ሆነዋል። በእነዚህ ከተሞች ወረቀቱና ባለ ቀለሙ እርሳስ ከዋና ከተማው ሱቅ ይመጣል፤ አበባው ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚቀጠፍ ነበረ። የገበሬው ልጅ፥ የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅና የጸሐፊው ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህም ትምህርቱ በኦሮምኛ ሲሰጥ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ ስለ ብራ በላቲን ፊደል ይጽፋል፥ ሌላው ስለ መስከረም በግእዝ ፊደል ይጽፋል። አበባው አንድ ነው።

አሁን ወደ መስከረሙ ሥራ እንመለስ። ዘመን ሲለወጥ ሴቶች ልጆች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው አበባየሁሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ። ብዙ ሰው ይህን ዘፈን የማይለወጥ የጥንት ነገር አድርጎ ያየዋል። ነገሩን ልብ ብሎ ያዳመጠ ግን፥ ተቀባዮቹ የሚደግሙት ቃል የታወቀ ቢሆንም አውጭዋ ልጅ በየደጁ አዲስ ነገር ትጨምር ዘንድ እንደሚጠበቅባት ይረዳል። የቤቱን እመቤት ስም ታነሣለች፤ ቸር የሆነውን ታወድሳለች፤ በሩን የዘጋውን በዘዴ ትነካለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቤት የሚመታ ግጥም በቆመችበት ስታወጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይህችው ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ «ድርሰት ጻፊ» ስትባል እርሳሷን ነክሳ ትቀራለች፤ መምህሩም ችሎታ የላትም ብሎ በደብተሩ ላይ ዝቅተኛ ቍጥር ያኖራል።

ወንዶቹ ደግሞ ሥዕል ይዘው ይሄዳሉ። የእንቍጣጣሽ ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። ፀሐይ ከጥግ ትወጣለች፤ አበባው ከቅጠሉ ጋር በመሐል ይቆማል፤ አንዳንዱ ልጅ ሰይፍ የያዘ መልአክ፥ አንዳንዱ ርግብ ይጨምርበታል፤ ከግርጌውም «እንኳን ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ በሰላም አሸጋገረዎ» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። መልአኩን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፥ አበባውን ከመንገድ ዳር እንዳገኘው ይታወቃል። ሥዕሉን ለጎረቤት አበርክቶ ሳንቲም ይቀበልበታል፤ ሳንቲሙም ብዙ ጊዜ ለአዲሱ ዓመት ደብተር መግዣ ይሆናል። እንግዲህ የትምህርቱ ዘመን የሚከፈተው ልጁ ሠርቶ ባገኘው ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ታትሞ የሚሸጥ የአበባ ሥዕል በየሱቁ ሞልቷል፤ ልጁ ገዝቶ ለጎረቤት ያድላል። ይህ ንግድ ነው፤ ሥዕል አይደለም።

የተማሪን ፈጠራ በትምህርት መካከል ያኖረ ሥርዓት በአገራችን አልነበረም የሚል ካለ፥ የቅኔ ቤትን ይመልከት። በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሰላሌና ወደ ደብረ ሊባኖስ በሚያወጣው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ሲመላለሱ ኖረዋል። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ደግሞ በማቅረብ አይመሰገንም። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ፥ በየደረጃው የራሱን አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል፥ ይታረማል። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ያፍራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቈየው በዘመነ ጽጌ፥ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ጊዜ፥ አበባው ራሱ የቅኔው ጉዳይ ይሆናል። የአበባውን ወራትና የተማሪውን አዲስ ሥራ በአንድነት ያሰረ ሥርዓት ነው። ለዚህም ተጨማሪ ጉባኤ አላስፈለገውም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ልማድ ይዞ አልተነሣም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዋናው ሐሳብ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ማግኘት ነበረ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ያንኑ ፍላጎት አስፋፋ። የፈጠራ ሥራ ወደ ክፍል የገባው በመዝሙርና በቴአትር በኩል ነው። ከጠላት ወረራ በፊት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ ሲያስተምሩ መዝሙርና ቴአትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያጫውቱ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዮፍታሔ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጡ ባለ ቅኔ ናቸው፤ በልጅነታቸው የራሳቸውን ቅኔ እንዲቈጥሩ የተገደዱ ሰው፥ መምህር በሆኑ ጊዜ ደራሲው እርሳቸው፥ ተጫዋቹ ተማሪው ሆነ። ይህን የምለው እርሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም። ቴአትር በአገራችን ገና አዲስ ስለ ነበረ ሌላ የሚጽፈው ከየት ይመጣል? ዳሩ ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ትምህርት ቤቶች የዮፍታሔን ችሎታ ሳይወርሱ ልማዱን ብቻ ወረሱ።

ስለዚህ የሰኔው በዓል አንድ መልክ ያዘ። ሰልፉ ይሰለፋል፤ የእጅ ሥራው በጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ መምህሩ የጻፈው ግጥም ይነበባል፤ ሽልማቱ ይታደላል። ስፌቱና ጥልፉ በውነት የልጆቹ እጅ ስለ ሆነ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ግጥሙ ግን አድማጩ ዓይኑን ቢጨፍን የአርባ ዓመት ሰው ያወጣው ይመስለዋል፤ እንዲያውም ነው።

በዚያ ዘመን የትምህርቱ መሥሪያ ቤት ስሙ የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ነበረ። በሰላሌ የተወለዱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ተመልሰው፥ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሥዕል ትምህርት ለተመረጡት ሰዎች በአንድ ግቢ ሲሰጥ፥ በየከተማው ባለው ተራ ክፍል ሥዕል የዓርብ ከሰዓት በኋላ ማረፊያ ሆኖ ቀረ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልም በዚህ መካከል ብዙ ተንገላቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ለብቻው ተለየ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ተጨመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ተብሎ እንደ ገና ተለየ። በመጨረሻው ለውጥ ሥዕል፥ ሙዚቃና ቴአትር በአንድ የትምህርት ዓይነት ተጠቃለው መጽሐፍ ተዘጋጅቶላቸዋል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን የሰኔን ወር የሚያስበው በፈተናው ነው። ከመጋቢት ጀምሮ መምህሩም ተማሪውም የቀደመ ፈተና እየሠሩ ስለሚከርሙ፥ እውነተኛው የባሕረ ሐሳብ ጸደይ ለፈጠራ ሥራ ከሁሉ የጠበበው ወራት ሆኗል። እንግዲህ ቦታ የሚገኘው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ፈተናው ሩቅ፥ ደብተሩ ባዶ፥ ልጁም ከሥዕሉና ከዘፈኑ ገና የመጣ በሆነበት ጊዜ። የጥቅምት ብርድ ጠዋት ጠዋት የሱሉልታን ልጅ እጅ ቢያደነዝዘውም፥ ኪሱ የባቄላ እሸት አያጣም።

ስለ ሰበታ ሲነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። የብሬይል ጽሕፈት በእጅ ሲጻፍ ወረቀቱ ከጀርባው በኩል ከቀኝ ወደ ግራ እየተበሳ ነው፤ ከዚያ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣት ይነበባል። ዐይነ ስውሩ ተማሪ እንግዲህ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ያስባል። መስከረም ለእርሱ ቢጫ አይደለም፤ የእርጥብ ሣር ሽታ፥ የልጆች ዘፈን፥ ከወራት በኋላ ፊቱን የሚነካው የፀሐይ ሙቀት ነው። «አደይ አበባ ሜዳውን አለበሰው» የሚለውን የተለመደ አረፍተ ነገር አስጠንቶ በደብተሩ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ነገር ግን እርሱ ያላየውን ያስጻፈው መምህር፥ የሚያየውም ልጅ ያላሰበውን እያስጻፈ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይችላል።

ይህ ሁሉ ሥራ የት ገባ ብሎ የታሪክ ሰው ቢጠይቅ መልሱ ያሳዝናል። የትምህርት ቤቶች መዝገብ የተማሪውን ስምና ውጤት ይይዛል፤ ያንኑ ውጤት ያስገኘውን ድርሰት አይዝም። ያለቀ ደብተር በኪሎ ተሸጦ የጉልት ነጋዴ ቆሎና በርበሬ ይጠቀልልበታል። ከቆሎው ጋር አንድ ገጽ ድርሰት የደረሰው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ከነመምህሩ ቀይ እርማት። የሱሉልታ ሜዳ ሣር በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ሲሆን አደዩም አብሮ እንደሚታጨድ ነው። ያም ሜዳ በየዓመቱ በቤትና በመጋዘን እየጠበበ ስለ ሆነ፥ ልጆቹ ስለ አካባቢያቸው የሣሉትና የጻፉት ነገር ከጥቂት ዘመን በኋላ ቦታው እንዴት እንደ ነበረ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል። በየትምህርት ቤቱ አንድ ቍም ሣጥን ቢለይና፥ በየጥቅምቱ ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ሥዕል፥ ጥቂት ግጥም፥ አውጭዎቹ ልጆች በዚያ ዓመት ያወጡት ቃል ተጽፎ ቢቀመጥ፥ ወጪው ከአንድ ቍልፍ አይበልጥም።

ያለፈውም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። በአንዳንድ አሮጌ ቤት በጋዜጣ በተለጠፈ ግድግዳ ላይ የእንቍጣጣሽ ሥዕል ተጣብቆ ይገኛል። ዓመተ ምሕረት አይጻፍበትም፤ የወንጌላዊው ስም ግን አለ። ዘመኑ በማቴዎስ፥ በማርቆስ፥ በሉቃስና በዮሐንስ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ፥ «ወደ ዘመነ ማርቆስ» የሚል ሥዕል የ1950 ወይም የ1954 ወይም የ1958 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ከሥሩ የተለጠፈው ጋዜጣ ቀን ይረዳል።