የሩቅ ፋይልና የቅርብ ቅጂው

ኮምፒዩተር በድንገት ሲቆም የብዙዎቻችን እጅ የሚሮጠው ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ነው። ታሪኩ ግን መታገሥን ያስተምራል።

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለውን ዘዴ ሲያዘጋጅ ዓላማው በማዕከል የተቀመጠን ፋይል ብዙ ኮምፒዩተሮች እንደ ራሳቸው እንዲገለገሉበት ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ሲረዝም ሥራው ይዘገያል። በመሆኑም በ2009 የሩቁን ፋይል ቅጂ በቅርብ ዲስክ የሚያኖር ኤፍ.ኤስ. ካሽ የተባለ ክፍል በሊነክስ 2.6.30 ውስጥ ገባ።

ፍጥነቱ ግን ዕዳ ነበረው። ሥራው የሚካሄደው ከርነል በሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ነውና፣ አንዱ ክፍል ጨርሻለሁ ብሎ የለቀቀውን የማኅደረ ትውስታ ቦታ ሌላው ገና ሲጠቀምበት ከተገኘ የሚቆመው አንድ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን መላው ኮምፒዩተር ሊሆን ይችላል። ስሕተቶቹ በየጊዜው ቢታረሙም ውስብስቡ አሠራር እንዳለ ቆየ። በመጨረሻ ዴቪድ ሃውልስ አቅልለው እንደገና ጻፉት፤ በ2022 በሊነክስ 5.17 ወጣ።

ዛሬ በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በአይሲቲ ፓርክ፣ የመረጃ ማዕከላት ተተክለዋል፤ ነገሩ የእኛም ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ ሲወድቅ አስቀድመን የከርነሉን የመጨረሻ መልእክት እንያዝ፤ ቀጥሎ የቅጂ ማከማቻውን ዘግተን እንፈትን። ማስረጃው ሳይያዝ የተነሣ ኮምፒዩተር ነገም በዚያው ምክንያት ይወድቃል።