ጥፋቱ የዓሣው ነው ወይስ የገንዳው?

ቤቱ ውስጥ ዓሣ የሚያኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቺን ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፦ «ትናንት አብረው ሲዋኙ አልነበር እንዴ? ዛሬ ምን ነካቸው?» አንዱ ጅራቱ ተበጣጥሶ ጥግ ይዟል። ሌላው ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር እየተንጎራደደ ማንንም አላስበላ ብሏል። ዓሣውን የሸጠው ሰው ጋ ሲደወል መልሱ አጭር ነው፦ «እነዚህ አይስማሙም።»

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የዓሣ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ይቺ «አይስማሙም» የምትባል ቃል የራሷ ታሪክ አላት። ከለንደን ሳሎን ተነሥታ፣ በናዚ ዘመን አልፋ፣ የኖቤል ሽልማት መድረክ ድረስ ደርሳለች። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዓሣው ሳይሆን ከመስታወቱ ነው። እንግሊዝ አገር መስታወት ለረጅም ጊዜ ቀረጥ የተጫነበት ውድ ዕቃ ነበር። ቀረጡ በ1845 ሲነሣ ዋጋው ወረደ። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ለሙያ ማኅበሩ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችን፣ የውሃ ውስጥ ተክልና ቀንድ አውጣዎችን አንድ ዕቃ ውስጥ አኑሮ ነበር። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ የዓሣው ቆሻሻ ተክሉን ይመግባል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይለቅማል። ውሃው ቶሎ ቶሎ ሳይቀየር ይሰነብታል። በ1853 የለንደን መካነ እንስሳት የዓሣ ቤት ከፈተ። በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚል መጽሐፍ አሳተመና ቃሉ በየአፉ ገባ። ከዚያ በኋላ ደህና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ ማስቀመጥ ፋሽን ሆነለት።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ዋሪንግተን ያሰላው የአየርና የምግብ ሚዛንን ነው። ማን ከማን ጋር ይኖራል የሚለው ስሌት ውስጥ አልነበረም። ሰዎች ከኩሬና ከባሕር ዳርቻ ያገኙትን እየለቀሙ አንድ ላይ ሲጨምሩ ግን ጣጣው መጣ። ማብራሪያውም እንደ ዘመኑ የሥነ ምግባር ማብራሪያ ነበር፤ አንዱ ዓሣ «ጨዋ»፣ ሌላው «ጠበኛ» ይባላል። በጠበኝነት ስሙ የጠፋው ደግሞ ጀርባው ላይ ሦስት እሾህ ያለው፣ ከጣት የማይበልጠው ስቲክልባክ ነው።

ይህ ስሙ የጠፋ ዓሣ በ1930ዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ጠበቃ አገኘ። ኒኮ ቲንበርገን ይባላል፤ በላይደን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ስቲክልባክን በገንዳ እያኖረ «ይሄ ዓሣ ለምን ይጣላል?» ብሎ ጠየቀ። ወንዱ በጸደይ ወራት ሆዱ ቀይ ይሆናል። ከውሃ ሣር ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ እንቁላሉን የሚጠብቀው፣ በክንፉ ንጹህ ውሃ የሚያራግብለት አባትየው ነው። እንግዲህ «ጠበኛ» የተባለው ልጆቹን የሚጠብቅ አባት ሆኖ ተገኘ።

ቲንበርገን ካደረጋቸው ሙከራዎች እኔ በጣም የምወዳት ይቺን ነው። ጎጆ የሠሩ ሁለት ወንዶችን ለየብቻ በመስታወት ቱቦ ውስጥ አስገባ። ሁለቱንም ወደ አንደኛው ክልል ሲወስዳቸው፣ ባለቤቱ ቱቦው ውስጥ ሆኖ ሊዋጋ ይፎክራል፤ እንግዳው ለመሸሽ ይውተረተራል። ወደ ሁለተኛው ክልል ሲወስዳቸው ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቅድም የፎከረው አሁን መሸሻ ይፈልጋል። ዓሦቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ጠበኛው የትኛው ነው? ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። «የት ላይ?» ተብሎ መጨመር አለበት።

የቲንበርገን ወዳጅና የሥራ ባልደረባ የነበረው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝም ዓሣ ያኖር ነበር። በ1963 በጀርመንኛ ያሳተመው፣ ርዕሱ «ክፋት ተብዬው» ማለት የሆነው መጽሐፉ ስለ ጠበኝነት ነው። ሎሬንዝ የኮራል ሪፍ ዓሦችን በገንዳም በባሕርም ተመልክቶ አንድ የሚገርም ነገር ጻፈ፦ ደማቅ ቀለም ያላቸው እነዚህ ዓሦች አጥብቀው የሚያሳድዱት የማይመስላቸውን ሳይሆን የሚመስላቸውን ነው። ያንኑ ምግብ፣ ያንኑ ዋሻ የሚሻማው የገዛ ወገን ነውና። ሌላ ዓይነቱን ብዙውን ጊዜ አይቶ እንዳላየ ያልፉታል።

ስለ ሲክሊዶች የጻፈው ደግሞ ለባለትዳሮችም ይሆናል። ባልና ሚስት ሲክሊድ ብቻቸውን ገንዳ ሲሰጣቸው ባል ሚስቱን መደብደብ ይጀምራል። ዘዴው በግልጽ መስታወት ከፍሎ ማዶ ሌላ ጥንድ ማስገባት ነው። ያኔ ባል ቁጣውን ሁሉ በጎረቤቱ ላይ ይወጣል፤ ቤቱ ሰላም ይሆናል። መስታወቱ በአልጌ ሲሸፈንና ጎረቤት መታየት ሲያቅተው ጠቡ ወደ ቤት ይመለሳል።

ሎሬንዝ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። ጠብ በእንስሳው ውስጥ እንደ ግድብ ውሃ ይጠራቀማል፣ መውጫ ካላገኘ ይገነፍላል አለ። ይህንኑ ይዞ ወደ ሰው ልጅና ወደ ጦርነት ተሻገረ። አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ፤ እዚህ ጋ ዘንዶው አለ። ሎሬንዝ ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገር የመጀመሪያው አልነበረምና። በ1938 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። በ1940 ባሳተመው ጽሑፍ የቤት እንስሳት ከዱር ዘመዶቻቸው «ይበላሻሉ» የሚለውን ሐሳብ ወደ ሰው ዘር ወስዶ የዘር ፖሊሲን ደግፎበታል። በኋላ በጽሑፉ መጸጸቱን ተናግሯል። የሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ግን እሱ ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ሰጥቶት የነበረውን የክብር ዶክትሬት ሰርዟል።

በዚያው ዘመን ቲንበርገን የት ነበር? የላይደን መምህራን ናዚዎች አይሁዳውያን ባልደረቦቻቸውን ማባረራቸውን ተቃውመው ሥራ ሲለቁ እሱም አብሯቸው ነበር። በ1942 ጀርመኖች ይዘው ሁለት ዓመት ያህል በታጋቾች ካምፕ አቆዩት። ሁለቱ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ካምብሪጅ ላይ ተገናኝተው ታረቁ። በ1973 ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር ሦስት ሆነው ኖቤልን ተቀበሉ። ሁለቱም በመስታወት ገንዳ ፊት ተቀምጠው ዓሣ ያዩ ሰዎች ናቸው። ዓሣ ማየት ብቻውን ሰውን ወዴትም አይመራም፤ የሚወስነው ከገንዳው ወደ ሰው ስንሻገር የምንይዘው ነገር ነው።

የሎሬንዝን ሐሳብ ሳይንቲስቶችም ዝም ብለው አላለፉትም። አሜሪካዊው ዳንኤል ሌርማን ገና በ1953 ስለ ደመ ነፍስ ያለውን ንድፈ ሐሳብ በጥብቅ ተችቶታል። በ1986 ደግሞ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ምሁራን ስፔን ውስጥ ሴቪል ላይ ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ፤ ጦርነት ከእንስሳት አያቶቻችን የወረስነው ነው ማለት ሳይንሳዊ መሠረት የለውም አሉ። ዩኔስኮ በ1989 መግለጫውን ተቀበለው።

ምሁራኑ ይህን ሲከራከሩ፣ ዓሣ አኗኗሪዎች ጸጥ ብለው ሌላ እውቀት ያጠራቅሙ ነበር። እሱን ለማስረዳት ወደ ጣና ልውሰዳችሁ። የምንበላው ቆሮሶ የሲክሊድ ዘመድ ነው። በመራቢያ ጊዜ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር ጎድጓዳ መሬት ቆፍሮ ይጠብቃል፤ ሌላ ወንድ ሲመጣበት ያባርራል። የተሸነፈው ምን ያደርጋል? ዞሮ ይሄዳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሄጃ አይጠፋም። ይህንኑ ጠብ 100 ሊትር ገንዳ ውስጥ አስቡት። የተሸነፈው ሸሽቶ መስታወት ይገጨዋል። አሸናፊው ደግሞ ከክልሉ ያልወጣ ተቃዋሚ ያያል፤ ስለዚህ አያቆምም። ሐይቁ ላይ በደቂቃዎች የሚያልቅ ግጭት እዚህ በሞት ያልቃል። ዓሣው ያው ነው። የጎደለው መሸሻ ነው።

ሰው ሆን ብሎ ጠቡን ያባባሰበት ጊዜም አለ። ታይላንድ ውስጥ ሰዎች ተዋጊውን ዓሣ፣ ቤታ የምንለውን፣ ለውድድር እየመረጡ አዳቅለውታል። ዛሬ ወንዱን ለብቻው በየዕቃው የምናኖረው ለዚህም ጭምር ነው። አገሪቱ በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። ጠቡን ግን ሁሉንም ከተፈጥሮ አላገኘውም፤ የሰው እጅ አለበት።

እናም ልምድ ያላቸው አኗኗሪዎች ዛሬ የሚሰጡትን ምክር ስትሰሙ፣ አብዛኛው ስለ ዓሣው ጠባይ ሳይሆን ስለ ገንዳው አደረጃጀት ነው። ከፍ ያለ ሳይሆን ረዘም ያለ ገንዳ፣ ምክንያቱም መሸሻው ርዝመት ነው። ድንጋይ፣ ተክል፣ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ ሌላውን ሁልጊዜ እንዳያየው። አዲስ ዓሣ ከመጨመር በፊት ድንጋዮቹን ማዘዋወር፤ ያኔ የቆየውም ክልሉን ያጣና ሁሉም እንደ እንግዳ እኩል ይጀምራል። ጉልበተኛውን ለጥቂት ቀናት ለይቶ መመለስ። በቡድን የሚኖሩትን ሁለት ብቻ አለመግዛት፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጠቡ ይከፋፈላልና። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶችን ለአንድ ወንድ ብዙ ሴት እያደረጉ ማኖር። በእርግጥ ምንም ዘዴ የማይፈታው ነገር አለ፤ የአንዱ አፍ ሌላውን የሚውጥ ከሆነ ይበላዋል፣ የቀዝቃዛ ውሃው ወርቃማ ዓሣና የሞቃት አገሩ ዓሣም አንድ ገንዳ አይስማማቸውም። ለእነዚህ «አይስማሙም» ትክክለኛ ቃል ነው። ለቀሩት ግን ሁልጊዜ ተከታይ ጥያቄ አለ፦ በምን ያህል ቦታ? ከስንት ጋር? ማን ቀድሞ ገብቶ?

ከገንዳው ወደ አገር መሻገር አልፈልግም፤ ሎሬንዝ ተሻግሮ ያመጣውን አይተናል። አንድ ነገር ብቻ ለድሮ ተማሪዎቼ ልበል። እዚሁ ሰሌዳችን ላይ በየቀኑ «እነዚህና እነዚያ በተፈጥሯቸው አብረው መኖር አይችሉም» የሚል እናነባለን። «በተፈጥሯቸው» የምትለው ቃል ላይ ስትደርሱ ቆም በሉና ማስረጃ ጠይቁ። ቃሏ አንድ ጣት ለማታክል ዓሣ እንኳ ስትመረመር ሙሉ እውነት ሆና አልተገኘችም። ዓሣው ገንዳውን አልመረጠም፣ ድንጋዩንም ማዘዋወር አይችልም። ሰው ይችላል።

ዓሣ የምታኖሩ ካላችሁ የእናንተን ገንዳ ልምድ ጻፉልኝ። ማን ከማን ጋር ታረቀ? ምን ስትቀይሩ?