ጅማን በእግር፦ ከጅሬን እስከ ሂርማታ

ጅማን በመኪና ዞሮ ያየ ሰው ከተማዋን አየሁ ቢል አላምነውም። ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁባት ከተማ ናትና እንግዳ ሲመጣብኝ ራሴ ነኝ የማስጎበኘው፤ ያውም በእግር፣ ያውም በገበያው ቀን ሐሙስ። በባጃጅ ጅሬን ኮረብታ ድረስ እንወጣና ከዚያ ቁልቁል እንወርዳለን። የጅማ ታሪክ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስለሆነ እግርም እንደዚያው ቢወርድ ነገሩ ይገባል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው የሚጀምረው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 ሲነግሡ የጅማ መንግሥት ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ዕድሜ ነበረው፤ ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበር። ንጉሡ ከተቀመጡበት ቤት ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ እንጨቱን ተመልከቱ። ወለሉ፣ ደረጃው፣ የመስኮቱ ጥልፍ፣ ሰገነቱ ሁሉ እንጨት ነው። በርጩማና መሶብ የሚሠራ የጅማ እጅ እዚህ ግቢ ውስጥ ቤተ መንግሥት አቁሟል። ቀጥሎ ሰገነቱን ተመልከቱ፤ ፊቱ ለሰፊው አደባባይ ክፍት ነው። ንጉሡ ሕዝቡን የሚያዩበት፣ ሕዝቡም ንጉሡን የሚያይበት ቤት ነው።

ይህ ቤት ለምን ሳይቃጠል ቆየ? መልሱ ፖለቲካ ነው። በ1882 እምባቦ ላይ በራስ ጎበና የሚመራው የምኒልክ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ሲነሣ፣ ደቡብ ምዕራቡ ለምኒልክ እንደሚሆን ግልጽ ሆነ። አባ ጅፋር ገና ወጣት ነበሩ። እናታቸው ገሚቲ ብልህ ሴት እንደነበሩና እንዳይዋጉ እንደመከሯቸው በጅማ ይነገራል። ንጉሡ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቀሩ። ግብሩ ከባድ ነበር፤ ግን አገሩ አልተዘረፈም፣ ነጋዴው አልተበተነም። እኔ ይህን ውሳኔ ከቤተ መንግሥቱ እንጨት ሁሉ አስበልጬ የማየው ቅርስ ነው።

አሁን ቁልቁል እንውረድ። ከጅሬን እስከ ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቡና፣ የበቆሎና የባሕር ዛፍ ማሳ እያለፋችሁ ወደ ሂርማታ ትደርሳላችሁ። አባ ጅፋር ቤታቸውን ከላይ ቢሠሩም ሀብታቸው ከዚህ ነበር። ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከኩሎ፣ ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጣው የቅፍለት ነጋዴ መገናኛው የሂርማታ ገበያ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር እዚህ ይሸጥ ነበር፤ ክፍያው በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር። ንጉሡ ነጋዴውን ይጠብቁ ነበር፤ በየድንበሩ ያለው ኬላም ቀረጡን ይሰበስብ ነበር።

እዚህ ላይ ግን እንግዶቼን አቁሜ የምነግራቸው ሌላ ነገር አለ። በሂርማታ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚሁ ተለውጠው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ዳርቻ ተነድተዋል። የቤተ መንግሥቱን ውበት እያደነቅን ይህን ብንዘል ለተማሪዎቻችን ግማሽ ታሪክ ማስተማር ነው። ለእነዚያ ሰዎች የቆመ ምልክት ያስፈልጋል፤ ቦታውም ገበያው ራሱ ነው።

አባ ጅፋር በ1932 ሲሞቱ የጅማ ራስ ገዝነት አብሮ አከተመ። ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ። የጣሊያን ሹማምንት ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ አደረጓት፤ መናገሻቸውን ግን ጅሬን ላይ አልተከሉም። ገበያው ያለበትን ሜዳ መረጡ። የፈረንጅ አራዳን ሰፈር ስታቋርጡ ቀጥ ያሉትን መንገዶችና ከዚያ ዘመን የቀሩትን ሕንጻዎች ትለያላችሁ። ቡናውን ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው የመኪና መንገድም የዚያ ዘመን ውጥን ነው። ወረራው አምስት ዓመት ብቻ ቆየ፤ በሰኔ 1941 ጅማ ከጣሊያን እጅ ወጣች። መንገዱና ቅየሳው ግን ቀሩ፤ ባለ ሱቁና ቡና ነጋዴው ወረሷቸው።

ድካም ከተሰማችሁ በአዌቱ ወንዝ ዳር ዐረፍ በሉ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ይህ ወንዝ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ቢጠበቅ የጅማ ዋና መናፈሻ እርሱ በሆነ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቦዬ ረግረግም ወፍ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይገባዋል። ረግረጉ የጅማ ውኃ ማጣሪያ ነው፤ እየጠበበ ሲሄድ ዝም ብለን ማየት የለብንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንሂድ። በ1952 በአሜሪካ ኦክላሆማ ከሚገኝ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኋላ ወደ ዓለማያ የተዛወረው የእርሻ ኮሌጅ የመጀመሪያ ክፍሎችም የተሰጡት እዚሁ ነበር። ይኸው የእርሻ ግቢና በ1983 የተቋቋመው የጤና ተቋም ተዋሕደው በ1999 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ትምህርቱ በእርሻ መጀመሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ቡና ያለበት አገር ነው።

ቡናውን ለማየት ግን ሚኒባስ ያዙና በአጋሮ መንገድ ውጡ። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ መልኮ ላይ በ1967 የተቋቋመውን የምርምር ማዕከል ታገኛላችሁ። በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ገና አረንጓዴ የሆነው ፍሬ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታ የማይበግራቸውን እናት ዛፎች ለዩ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110ና 74112 የዚያ ፍለጋ ውጤት ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። እነዚህ ዛፎች ከሐውልት ይልቅ ብዙ ቤት አቁመዋል።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በለቀማ ወራት ከገባችሁ እሸት ቡና በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው ወደ መፈልፈያ የሚሮጡ ወጣቶችን፣ በየደጁ የተሰጣ ጀንፈልን፣ በፈረሱላ የሚደራደሩ ነጋዴዎችን ታያላችሁ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በዚያው በጎማ ወረዳ ጮጬ አለች። ቡና የተገኘባት የምትባለው መንደር ናት፤ ከፋዎችም የእኛ ነው ይላሉ። ክርክሩን ለሽማግሌዎቹ እተወዋለሁ። ሁለቱም ቦታዎች ጫካው ሳይመነጠር እንዲኖር ግን እፈልጋለሁ፤ የክርክሩ ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና።

ይህን ሁሉ የማዞራችሁ ለአንድ ነገር ነው። ንጉሡ ኮረብታ ላይ ተቀመጡ፤ ወራሪው መንገድ ቀየሰ፤ መንግሥታት ተለዋወጡ። ሁሉም ግን ዓይናቸው ገበሬው ሸክሙን በሚያወርድበት ሜዳ ላይ ነበር። ስለዚህ የጅማ ቅርስ ተብሎ የሚጠበቀው ነገር ዝርዝር በቤተ መንግሥቱ ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ ማለቅ የለበትም። የሂርማታ ገበያ ቦታ በስሙና በይዞታው ይከበር፤ የሐሙስ ገበያተኛው ለሌላ ግንባታ ተብሎ አይገፋ። መምህራንም ልጆቹን ጅሬን ወስዳችሁ አትመለሱ፤ እስከ ገበያው አውርዷቸው፣ እዚያ የተሸጠውን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ከተማቸውን ማን እንደሠራት የሚያውቁት ያኔ ነው።