የእናት ወገን ፍለጋ በጋሞ ደጋ

በሰሜኑ አገር ሰባት ቤት ሲቆጠርም ርስት ሲጠየቅም የእናት ወገን ከአባት ወገን እኩል ይነሳል። እኛ ጋሞዎች ዘንድ መሬት የሚወርሱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ለቤቱና ለጎሳው መሥዋዕት የሚያቀርበው ደግሞ ባይራ የምንለው በኩሩ ልጅ ነው። ማን ማንን እንደሚቀድም መታወቅ ስለነበረበት የአባቶች ስም ከአፍ ወደ አፍ ተጠብቆ ቆየ። የእናቶቹን ስም ግን በዱቡሻ፣ በመሰብሰቢያው አደባባይ፣ የሚጠይቅ አልነበረም።

እኔ የምፈልገው የአያቴን እናት ነበር። የቤታችን ባይራ አባቶቹን ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ፤ ስለ እሷ ስጠይቃቸው ግን «ከዲታ የመጣች ናት» ብለው ጎሳዋን ጠሩልኝና ዝም አሉ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የእናቱን ወገን መፈለግ ለሚጀምር ሁሉ የምነግረው ይህንኑ መልስ ነው። ጋሞ ከገዛ ጎሳው ስለማያገባ እያንዳንዷ እናት የሌላ ጎሳ ልጅ ናት፤ ባሏ ቤት ስሟ ቢረሳ ወንድሞቿ ቤት ይገኛል። ስለዚህ የተወለደችበትን ደሬ (አገር) እና ጎሳ ይዞ ወደዚያ ቤት ባይራ መሄድ ነው።

የሚኬድበት ጊዜ መስቀል ነው። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ጥበብ ሲሠሩ የከረሙት ሸማኔዎች ያን ሰሞን ወደ ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ፣ ወደ ዲታ ይመለሳሉ፤ ሌላ ጊዜ አንድ ላይ የማይገኙ ወንድማማቾች በአንድ ቤት ይቀመጣሉ። አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያነሳዋል።

ሽማግሌዎቹን ዓመተ ምሕረት ብትጠይቋቸው መልስ አታገኙም። «የምኒልክ ጦር ሳይመጣ ነው ከመጣ በኋላ?» በሉ፤ ያ 1880ዎቹ መጨረሻ ነው። «ጣልያን ሳለ ልጅ ታቅፋ ነበር?» በሉ፤ ከ1928 እስከ 1933 ነው። ለቅርቡ ዘመን የጠቅላይ ግዛታችን መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ መውረዱና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አሉ። የስም ነገርም ያሳስታል፤ በጋሞኛ ስሟ ያደገች ልጅ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጣታል፣ ትምህርት ቤት ከገባችም በአማርኛ ስም ትመዘገብ ነበር። ሁለት ሴቶች መስለውኝ የነበሩት አንዲት ሆነው ተገኝተዋል።

ወረቀት ዘግይቶ ነው የመጣው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ሲሆን የገጠር መሬት ይዞታ ደብተርም የሚስትን ስም ከባሏ ጋር መያዝ የጀመረው በእኛ ዕድሜ ነው። ስለ ቀደሙት ሴቶች የተጻፈ ነገር ለሚፈልግ የጁዲት ኦልምስቴድ መጽሐፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሲሆን ቺማቴ ቹምባሎ የተባሉ የጋሞ ደጋ መሪ ሴትን ሕይወት ይተርካል። ባነበብኩት ቁጥር ስንት እናቶች ሳይጠየቁ አለፉ እያልኩ እቆጫለሁ።

ዲታ ላይ የአያቴ እናት የወንድሟ ልጅ፣ ሸምግለው ዓይናቸው የደከመ ሰው፣ ስሟን ወዲያው ጠሩልኝ። ወንድሟ አዲስ አበባ ለሽመና ወርዶ ሲቀር እንሰቱን ስትጠብቅለት እንደኖረች፣ ያገባችውም ዘግይታ እንደሆነ ነገሩኝ። ደብተሬ ላይ ስሟን ከባሏ አጠገብ፣ ጎሳዋን ከስሟ በታች ጻፍኩ። የእሷ እናት ደግሞ የቦንኬ ሰው ናት አሉኝ። ጎሳዋንም ነግረውኛል፤ ለመጪው መስቀል የቦንኬውን ባይራ እጠይቃለሁ።